የአዳሪ ልጆች ቅዳሜና እሁድ በሐዋሳ፦ ሁለት ዓመት ያየሁትን ልንገራችሁ

ልጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ለማስገባት ስንዞር ሁላችንም የምንጠይቀው ያው ነው። ትምህርቱ እንዴት ነው? የ8ኛ ክፍል ውጤታቸውስ? ምግቡ ያጠግባል? መኝታው ንጹሕ ነው? እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ሐዋሳ ላይ ይህንኑ ጠይቄ፣ መልሱን ሰምቼ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ልጆቹ ቅዳሜና እሁድ ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ ግን አልጠየቅኩም። የክፍያ ወረቀቱ ላይ "የሳምንት መጨረሻ ፕሮግራም" የሚል መስመር አይቼ ዝም ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ግን አንዲት እናት መጥታ "አዳሪ ልመርጥ ነው፣ ምን ልይ?" ብትለኝ መልሴ አጭር ነው። እሁድ 9 ሰዓት ላይ ሳትነግሪያቸው ሂጂና ግቢውን እዪ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የምኖረው ዲላ ነው። ሥራዬ ቡና ነው። እሸቱ ሲደርስ ሳይነጋ ወጥቼ ከመሸ ነው የምገባው፣ ባለቤቴም ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፣ ስለዚህ ልጆቹ ዛሬ አክስታቸው ጋ ነገ ጎረቤት ጋ እያሉ ከሚንገላቱ ብለን ሐዋሳ አስገባናቸው። ወንዱ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ነው። ሴቷ 5ኛ ናት። ከዲላ ሐዋሳ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቅርብ ነው፣ ግን በየሳምንቱ አይኬድም። እኔ በወር አንዴ፣ ሲሳካልኝ ሁለቴ እሄዳለሁ።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። የምጽፈው ጥሩም መጥፎም አለው፣ ልጆቼም አሁንም እዚያው ናቸው። ደግሞ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሳወራ የሌሎቹም አዳሪ ቤቶች ነገር ብዙ እንደማይለይ ገብቶኛል። ስለዚህ ይሄ ስለ አንድ ግቢ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት የልብስ ማጠቢያ ሰዓት ነው። ይሄን "ፕሮግራም" ብሎ የሚቆጥረው የለም፣ እኔ ግን ከሁሉ በፊት አመሰግነዋለሁ። ከቁርስ በኋላ ሴቶቹ ከዶርማቸው ጀርባ ካለው ቧንቧ ጋ ሳፋ ሳፋቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያሳያሉ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሄጄ ሳያት ልጄ ገና 4ኛ ክፍል ነበረች፣ ነጭ ካልሲዋን ከሰማያዊ ሹራቧ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ አረፋው እስከ ክርኗ ደርሶ፣ አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ጎኗ ቁጢጥ ብላ "ነጩን ለብቻ፣ አንገትጌውን በእጅሽ እሺው፣ እንዲህ" ትላታለች። ቤት ብትሆን ይሄን እኔም አላሳያትም ነበር፤ ሠራተኛ አለች፣ ጊዜ የለኝም፣ ራሴው አጥቤው እገላገላለሁ። አሁን ለእረፍት ቤት ስትመጣ የራሷን ልብስ ራሷ ታጥባለች። የወንድሟን ግን አታጥብም። "እሱም እጅ አለው" ትላለች። ልክ ናት።

ወንዶቹ ጋ ነገሩ ይለያል። የወንዶቹን የሚያስተባብር ሰው የለም። ማን አጠበ ማን አላጠበ የሚያይ ስለሌለ ልጄ ሦስት ሳምንት ያላጠበውን ማሊያ ፌስታል ውስጥ አስሮ አልጋው ሥር ከትቶ አግኝቼበታለሁ። ሽታውን ተዉት። ለዶርም ኃላፊው ነገርኩት፣ "ወንዶች እንደዚህ ናቸው" አለኝ። ይሄ መልስ አይደለም። ሴቶቹም ያጠቡት ሴት ስለሆኑ አይደለም፣ የሚያሳያቸው ሰው ስላለ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሌላው ነገር ቱቶሪያል ነው። 6ኛ እና 8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ስላለባቸው ከ2:30 እስከ 6:30 ክፍል ይገባሉ። ዓላማው ይገባኛል። እኔም ልጄ እንዲያልፍ እፈልጋለሁ። ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ሲማር የከረመ፣ ማታ ማታም ጥናት የሚገባ ልጅ ቅዳሜን ደግሞ አራት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ሲል ምን ይቀረዋል? አንድ ቅዳሜ ክፍሉን በመስኮት አየሁት። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። አስተማሪውም ደክሞታል፣ እሱም ሰው ነው። ሁለት ሰዓት አድርገውት ደህና አድርገው ቢያስተምሩ ይሻላል ብዬ ለዳይሬክተሩ ተናገርኩ። "ወላጆች ራሳቸው ናቸው የሚጠይቁት" አለኝ። እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ወላጆች፣ እባካችሁ እናስብበት።

ከሰዓት ክለቦች አሉ። ቴኳንዶ፣ ሥዕል፣ ቼዝ፣ ኮምፒውተር። ቴኳንዶው በጣም ጥሩ ነው። አሠልጣኙ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ሰዓቱን ያከብራል፣ ልጆቹ ይፈሩታል ይወዱታልም። ቼዙም ደህና ነው። ሥዕሉ ግን ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ ዞር ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው፣ ስለዚህ እሱን ልለፈው። ክለብ ያልገቡት ሜዳው ላይ ናቸው። ኳስ፣ ጆተኒ፣ ሴቶቹ ሱዚና ፔፕሲ። እዚያ ማንም አያስጨንቃቸውም። ፊታቸውን ስታዩ ነጻ ናቸው።

አሁን ወደ ጉዞው ልምጣ፣ ምክንያቱም ተጨማሪ የምንከፍለው ለእሱ ነው። በወር ሁለት ቅዳሜ ከግቢ ይወጣሉ። ሐዋሳ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። ሐይቁ አለ፣ ታቦር ተራራ አለ፣ አሞራ ገደል አለ፣ ሁሉም ቅርብ ነው። ብዙ ሳይወጣበት ልጅ የሚደሰትባት ከተማ ናት።

ታቦርን በጠዋት ነው የሚወጡት። ፀሐዩ ሳይበረታ። እኔም አንዴ ተቀላቅያቸው ወጥቻለሁ። አናቱ ላይ ሲደርሱ ሐይቁ በአንድ በኩል፣ ከተማው ደግሞ ቀጥ ቀጥ ካሉት መንገዶቹ ጋር በሌላ በኩል ይታያል። አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ልጆቹን አስቀምጦ ስለ ስምጥ ሸለቆ ነገራቸው። ወደ ሐይቁ የሚገባ ወንዝ ጥቁር ውኃ እንደሆነ፣ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ እንደሌለ። "ታዲያ ለምን አይሞላም?" አለች አንዲት ትንሽ ልጅ። እሱም ቶሎ አልመለሰላትም፣ "እናንተ ንገሩኝ" አለ፤ አንዱ መሬት ይጠጣዋል አለ፣ ሌላው ፀሐይ ትወስደዋለች አለ፣ እንደዚያ እየተባባሉ ሀያ ደቂቃ ሄደ። በክፍል ውስጥ አንድ ወር የማይገባውን እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ያዙት። እንደዚህ ዓይነት አስተማሪ ካለ ለጉዞው የከፈልኩት አይቆጨኝም። ችግሩ በየጉዞው የሚሄደው እሱ አለመሆኑ ነው። ተራው የደረሰው ይሄዳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከመኪናው ሳይወርድ ስልኩን ሲነካካ ይመለሳል።

አሞራ ገደልን ልጆቹ ከሁሉ ይወዱታል። ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት ጀልባቸውን አስጠግተው፣ ቆሮሶውን እዚያው ይገፉታል፣ አንጀቱን ይጥላሉ፣ አባ ኮዳዎቹ ደግሞ ሽማግሌ መስለው ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ዛፎቹ ላይ ጦጣና ጉሬዛ አለ። ሙዝ የያዘ ልጅ ሙዙን ይነጠቃል፣ ይሄ የታወቀ ነው። ልጄ እዚያ አንዲት ዓሣ የምትከትፍ ልጅ አየች። በዕድሜ ከእሷ ብዙም አትበልጥም። ቢላዋዋ ጎኑ ላይ በሰያፍ ሲወርድ፣ ሲገለበጥ፣ እንደገና ሲወርድ፣ ከዚያ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ እንደ አበባ ሲከፈት። ማታ ደውላ ስለ ሌላ ነገር አላወራችኝም። "እማ፣ ትምህርት ቤት አትሄድም ማለት ነው?" አለችኝ መጨረሻ ላይ። ቅዳሜ ስለሆነ ይሆናል አልኳት። ራሴም አላመንኩትም፣ እሷም አላመነችኝም። ግን ይሄ ጥያቄ ግቢ ውስጥ ተዘግቶባት ቢሆን አይመጣላትም ነበር።

ጥሬ ዓሣውን በዳጣ ትልልቆቹ ወንዶች ቀምሰዋል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ይሄን አልደግፍም። የተጠበሰውና ሾርባው አለ አይደል? ይበቃቸዋል።

ሐይቁ ላይ ግን ከትምህርት ቤቱ ጋር ተጣልቻለሁ። ቀላል ነገር ስላልሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ልጆቹ ዳር ዳሩን ጫማቸውን አውልቀው ውኃ ውስጥ እንዲገቡ ይፈቀድ ነበር። ፎቶውን በቴሌግራም ሲልኩልን ልጄ እስከ ጉልበቷ ቄጠማው መሀል ቆማ ትስቃለች። ሌሎቹ ወላጆች ልብ ሲልኩ እኔ ደነገጥኩ። የሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዚያ አለበት። ትሉ የሚራባው ዳር ላይ፣ ቄጠማውና ሣሩ ባለበት፣ ቀንድ አውጣዎቹ ውስጥ ነው። ከዚያ ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፣ መዋጥም የለበትም፣ ደቂቃዎች ይበቁታል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የሚባል እንክብል ነው፣ ይሠራል፤ ግን ምልክቱ ቶሎ ስለማይታይ ልጁ ሆዱን እያመመው ወራት ሊሄድ ይችላል። ጉማሬም አለ። ቀን ተኝቶ ይውላል፣ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል፣ ስለዚህ "ፀሐይ ስትጠልቅ እንይ" ብሎ ልጆችን ቄጠማ አጠገብ ማቆየት አያዋጣም።

ደወልኩ። ተናደድኩ። ቀጥሎ ባለው የወላጆች ስብሰባ ላይም ተነሣሁ። አንድ አባት "እኛ እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ዋኝተን ነው ያደግነው" አሉ። ልክ ነው ጋሼ፣ ስንቶቻችን ታመን እንደነበር ግን ማን መረመረን? አልኳቸው። ከዚያ አንዲት ነርስ የሆነች እናት ደገፈችኝ። ትምህርት ቤቱን የማመሰግነው እዚህ ላይ ነው። አላኮረፉም። ከዚያ ወዲህ ውኃ ውስጥ መግባት የለም። ለዋና የሚወስዷቸው ወንዶ ገነት፣ ፍል ውኃው ገንዳ ነው። በሴሚስተር አንዴ ብቻ ነው፣ ግን ልጆቹ ቀኑን ቆጥረው ነው የሚጠብቁት።

ጀልባም ላይ የሆነ ነገር አለ። ላይፍ ጃኬቱ ለልጆቹ ሦስት ጎደለ። ጀልባው ሊነሣ ሲል ልጄ "እኔ የለኝም" ብላ ወረደች። አስተማሪዋ ደግሞ "ትንሽ ነው የምንሄደው፣ ግቢ" አለቻት። አልገባም አለች። ያን ቀን ዳር ላይ ቁጭ ብላ ጓደኞቿን ስትጠብቅ ዋለች። ሲነግሩኝ አለቀስኩ፣ ኮራሁም። አሁን ጃኬት ቆጥረው ነው የሚያሳፍሩት ብለውኛል። እናንተም ስትሄዱ ቁጠሩ። ሌላ የምትቆጥሩት የሰው ብዛት ነው። ኮስተሩ ሁለቴ ተመላልሶ አርባ ልጅ ያወጣል፣ አብረው የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አሞራ ገደል ላይ፣ ቅዳሜ ያን ሁሉ ሕዝብ መሀል፣ ሁለት ሰው ለአርባ ልጅ አይበቃም። ይሄን አሁንም አላስተካከሉም፣ እኔም አሁንም እየጠየቅኩ ነው።

በነገራችን ላይ ኳስም ያያሉ። ሐዋሳ ከነማ ሜዳው ላይ ሲጫወት ትልልቆቹን ይወስዷቸዋል። ልጄ የዲላ ልጅ ሆኖ ሄደ፣ አሁን የከነማ ደጋፊ ነው። ሊጉን በ1996 እና በ1999 መውሰዱን፣ እሱ ሳይወለድ የሆነውን፣ ለአባቱ እንደ ትናንት አድርጎ ይተርክለታል።

አንድ ትልቅ ነገር ሳልረሳ ደግሞ ፊቼ ጨምበላላን ልጥቀስ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፣ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2008 ነው። ቀኑን ሽማግሌዎቹ ኮከብ አይተው ነው የሚያውጁት፣ ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ቀን ላይ አይውልም። ትምህርት ቤቱ ለዚያ ሰሞን የሠራው ሥራ ከሁሉ ይበልጣል። የሲዳማ ልጆች ሌሎቹን እየመሩ፣ በዓሉ ላይ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ እንደሚሉት፣ ከዶርም ወደ ዶርም፣ ከዚያም አጥሩ አጠገብ ያሉ ጎረቤቶች ቤት ድረስ ዞሩ። ጎረቤቶቹ ቡሪሳሜ አቀረቡላቸው። ከእንሰት፣ በቅቤና በወተት የሚሠራ ነው። ልጄ እንሰት ታውቃለች፣ ጌዴኦ አገር ያደገች ልጅ ቆጮ አይጠፋትም፣ ግን ሰው ቤት ተጋብዞ መብላት ሌላ ነው። የበዓሉ ባለቤት የሆኑት ልጆች የዚያን ቀን ግቢው ውስጥ አስተማሪ ሆነው ዋሉ። ከመኪናና ከጀልባ ይልቅ እንደዚህ ዓይነት ነገር ብዙ ቢኖር እመርጣለሁ። ወጪውም ያንሳል።

እሁድ ጠዋት የአምልኮ ሰዓት ነው። ኦርቶዶክሶቹ ገብርኤል ይሄዳሉ፣ ፕሮቴስታንቶቹ ቸርቻቸው፣ ሰው አብሯቸው ይሄዳል፣ በሰዓቱ ይመለሳሉ። ሙስሊሞቹ ልጆች ጁምዓ ዓርብ ይሄዳሉ፣ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን እሁድ ጠዋት ሁሉም ሲወጣ እነሱ ብቻቸውን ይቀራሉ። የልጄ የቅርብ ጓደኛ ሙስሊም ናት። "እሁድ ጠዋት ምን ትሠሪያለሽ?" ስላት "ቲቪ ነው፣ ግን ሪሞቱ የለም" አለችኝ። ለእነዚህ ልጆች አንድ ነገር ይታሰብላቸው። ለምሳሌ ቁርዓን የሚያስቀራ ሰው ቢመጣ፣ ወይም ሜዳው ላይ አንድ አሠልጣኝ ቢኖር።

ከዚያ ምሳ አለ። እሁድ ምሳ ጥሩ ነው፣ ሥጋ አለው። ጠያቂ ወላጅ የሚገባውም ከምሳ በፊት ነው፣ 8 ሰዓት ላይ ይወጣል።

ከ8 ሰዓት በኋላስ?

ምንም። ወረቀቱ ላይ "ነጻ ሰዓት" ይላል። ከ8 እስከ 12። ማታ 1 ሰዓት ጥናት እስኪደወል። ከቅዳሜው ሩጫ በኋላ ያርፋሉ ብለው ይሆናል። ነጻ ሰዓት እኔም እወዳለሁ፣ ቅዳሜ ሜዳው ላይ ያለውን ወድጄዋለሁ ብያችኋለሁ። የእሁዱ ግን ሌላ ነው። ወላጅ የመጣለት ልጅ ወላጁን ሸኝቶ መመለሱ ነው። ያልመጣለት ደግሞ የሌላውን ወላጅ ሲያይ መዋሉ ነው። ነገ ሰኞ ነው። የከተማው ልጆች ከእናታቸው ጋር ቤታቸው ናቸው። ያን ሰዓት ቤት ብትሆኑ ቡና ይፈላል፣ ሰው ይመጣል፣ ልጅ ሶፋ ላይ ይጋደማል። ግቢው ውስጥ ግን ያ ሁሉ የለም።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ልጄ ሁልጊዜ እሁድ 10 ሰዓት አካባቢ በዶርም ኃላፊዋ ስልክ ትደውልልኝ ነበር። ሌላ ቀን አትደውልም። "ምን ሆንሽ?" ስላት "ምንም አልሆንኩም እማ፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው" ትላለች። ከዚያ ዝም። እኔም ዝም። ከበስተጀርባዋ ሌላ ልጅ "ጨርሺ፣ እኔም ልደውል" ትላለች። ወረፋ ነበር ማለት ነው። ይሄን ነገር ሳስበው ዛሬም ሆዴ ይባባል። ያን ያህል ልጅ በአንድ ሰዓት ላይ አንድ ስልክ ከብቦ ቆሞ፣ ወረቀቱ ላይ "ነጻ ሰዓት" ይባላል።

አንድ እሁድ ተሸኝቼ ከወጣሁ በኋላ ቻርጀሬን ረስቼ ተመለስኩ። 9 ሰዓት አልፏል። የሴቶቹ ዶርም ደረጃ ላይ አሥራ ምናምን ልጆች ተቀምጠዋል። አይጫወቱም፣ አያወሩም። ሁሉም ፊታቸው ወደ ዋናው በር ነው። ልጄ ከታች ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጉልበቷን አቅፋ። ስታየኝ ተነሣች፣ ከዚያ መሄዴ እንደማይቀር ትዝ አላት መሰለኝ መልሳ ተቀመጠች።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ያ የእሁድ ስልክ ቀነሰ። መጀመሪያ ለመደች ብዬ ነበር። ኋላ ነው የሰማሁት። ወጥ ቤት የሚሠሩ አንዲት እናት አሉ፣ ልጆቹ እትዬ ነው የሚሏቸው። እሁድ ከምሳ በኋላ ሥራቸው ያልቃል፣ ቤታቸው መሄድ ይችላሉ። አይሄዱም። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ዛፏ ሥር፣ ከሰል ያያይዛሉ፣ ረከቦት ያወጣሉ፣ ቡና ይቆላሉ። መጀመሪያ ለራሳቸውና ለጥበቃው ነበር። ጭሱ ሲሸታቸው ልጆቹ አንድ አንድ እያሉ መጡ። አሁን ሣር የምታመጣ ተመድባለች፣ ፈንዲሻ የሚያወጣ አለ፣ የሚወቅጠው ተራ ነው፣ ልጄም ተራ አላት። ለትንንሾቹ ሻይ በጤና አዳም፣ ለትልልቆቹ በረካዋን ብቻ። እዚያ ተቀምጠው ፀጉር ይሠራራሉ፣ ቅልሞሽ ይጫወታሉ፣ ወንዶቹም ዳር ዳሩን ዳማ ይዘው ይመጣሉ። ማልቀስ የመጣበት ልጅ ካለ እትዬ ሲኒ አጥቢ ይሏታል፣ ወይ ውኃ አምጣ ይሉታል። ሌላ ምንም አይሉም።

አንድ ቀን ሄጄ ጎናቸው ተቀመጥኩ። ቡናው ከየት ነው አልኳቸው። "ከሱቅ ነው የኔ ልጅ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እገዛለሁ" አሉ። ከራሳቸው ኪስ። ከሰሉም ስኳሩም። የትርፍ ሰዓት ይከፈልዎታል ወይ ስላቸው ሳቁ። "ማን አዘዘኝና ይከፈለኛል?" አሉኝ።

በዚህ ግቢ ውስጥ ለቅዳሜና እሁድ ከከፈልኩት ሁሉ ልጄን የጠቀማት ያልከፈልኩት ነው። ይሄን ለዳይሬክተሩ እንዲሁ ነው የነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሰማኝ። "ፕሮግራም ውስጥ እናስገባዋለን" አለ። እኔ ግን ፈራሁ። ፕሮግራም ከሆነ መዝገብ ይመጣል፣ ስም ይጠራል፣ ፉጨት ይነፋል፣ ልጆቹም እንደ ክለብ ይሰለፋሉ። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ለእትዬ ያ ሰዓት ሥራ ተብሎ ይከፈላቸው፣ የቡናና የከሰሉም ወጪ ከእኛ ክፍያ ላይ ይታሰብ። ክፍያውን ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ እሺ ብለዋል። ወጪውን "እናየዋለን" ብለዋል።

እንግዲህ ለምርጫ ለምትዞሩ፣ እኔ ለዚህ ትምህርት ቤት ቅዳሜና እሁድ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። አንዱን ያጎደልኩት አርባ ልጅ ከሁለት ሰው ጋር ስለሚልኩ ነው፣ ግማሹን ለሙስሊሞቹ ልጆች እሁድ ጠዋትና ለወንዶቹ ዶርም። ስትሄዱ ዶርሙን ሲያስጎበኟችሁ ዝም ብላችሁ ተከተሉ፣ ከዚያ ግን ልጆቹን ራሳቸውን "እሁድ ከምሳ በኋላ የት ትሆናላችሁ?" በሏቸው። "ዶርም" ካሉ አንድ ነገር ነው። የሰው ስም ከጠሩ ሌላ ነው። ትልልቆቹ "ቱቶሪያል" ይሏችኋል፣ እነሱን ተዉና ከ3ኛ እስከ 5ኛ ያሉትን ጠይቁ።

ልጆቻችሁ እዚያው ግቢ ውስጥ ላላችሁ ደግሞ፣ ማን እንደሆንኩ ገብቷችኋል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ኪሎ ቡና ይዤ እሄዳለሁ። ሌላ ሰው ስኳርና የፈንዲሻ በቆሎ ቢይዝ ጥሩ ነው፣ ከሰል ከዚያው ይገዛል። ቡና የምትልኩም ካላችሁ የተቆላ አትላኩ፣ የተፈጨማ ጭራሽ። ጥሬውን ላኩላቸው። ልጆቹ የሚሰበሰቡት ሲቆላ ነው።